ከሰኞ ገበያ መልስ

ዛሬ ሰኞ ነው፤ ደሴ ገበያ ናት። ኮክ ገዝታችሁ የምትመለሱ ሁሉ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ከልጆቻችሁ ጋር ክሮስታታ ጋግሩ። ጣሊያኖች ማርማላታ ቀብተው የሚጋግሩት፣ አፍ ውስጥ ፍርክስክስ የሚል ጣፋጭ ነው። ማርማላታ የሚለው ቃል ራሱ ከእነሱ የመጣ ነው።

300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ፣ 100 ግራም ስኳር፣ አንድ እንቁላል። ቅቤው ቀዝቃዛ ይሁን። በጣታችሁ ጫፍ ብቻ ከዱቄቱ ጋር አሹት፤ እርጥብ አሸዋ ሲመስል ይበቃዋል፤ ከዚያ ስኳሩንና እንቁላሉን ጨምራችሁ ሊጥ አድርጉት። ቅቤው ከቀለጠ ግን ሊጡ ሲጋገር ይጠነክራል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ደሴ በብርዷ ታግዛችኋለች፤ ኮምቦልቻዎች ግን ፀሐይ ሳይከር ማለዳ አቡኩት። ማርማላታው ከሊጡ ጋር ይጋገር፤ ኮኩ ግን ክሮስታታው ከበረደ በኋላ ይደርደርበት።

የመጀመሪያውን ቁራሽ ከቡና ጋር ለጎረቤት አቅምሱልኝ።