ሕመሙ አንድ ሲሆን ሕክምናው ስለ ምን ተለያየ?



ወባው አንድ፣ ምጡም አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ድኖ ሌላው የሚሞተው ስለ ምንድን ነው? እኛ የብቸናና የሞጣ ልጆች በዚህ ነገር ተነጋግረን ሦስት ምክንያት አገኘን።

አንደኛው ሕግ ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ጥቁር ሕመምተኛ በብዙ ሆስፒታሎች ለብቻው ይተኛ ወይም ከደጅ ይመለስ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. መድልዎን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ በ1966 ሜዲኬር የተባለው የሽማግሎች የሕክምና መድን ሲጀመር፣ ዘር ለሚለይ ሆስፒታል ገንዘብ አይከፈልም ተባለ። ያን ጊዜ ብዙ በሮች ፈጥነው ተከፈቱ። ስለዚህ ጥፋቱ የሥርዓቱ እንጂ የቆዳው እንዳልነበረ ታወቀ።

ሁለተኛው መንገድ ነው። በሞጣ በኩል በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በጣልያን ወረራ ዘመን ከተሰበረ በኋላ፣ በ1994 ዓ.ም. እስኪጠገን ድረስ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ጤነኛው እንዲህ ከተቸገረ፣ በቃሬዛ ያለው እንዴት ይሻገር?

ሦስተኛው ንቀት ነው፤ ይህም በገዛ ቤታችን ያለ ነው። ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» ብለን እንሸሻለን። ልጅ ሲታመም «ቡዳ በላው» እያልን ስናጨስ፣ ሐኪም ሊደርስለት የሚችልበት ሰዓት ያልፋል። ያ የተሰደበው ጎረቤትስ ሲታመም ቃሬዛውን ማን ይይዝለታል?

ሕግን መንግሥት ያወጣል፤ ድልድይንም መሐንዲስ ይሠራል፤ ንቀትን ግን ከዛሬ ጀምረን ልንተወው የሚገባን እኛው ነን።