በሥራ ማመልከቻ ላይ ዓላማን ስለ መጻፍ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ከአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት ሥራ ስፈልግ በማመልከቻዬ ላይ «ዓላማዬ ጥሩ ደመወዝ አግኝቼ ራሴን ማሻሻል ነው» ብዬ ጻፍሁ፤ መልስ ሳላገኝ ቀረሁ። ቀጣሪው የሚጠይቀው «ይህ ልጅ ምን ይሠራልኛል?» ብሎ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1482 ገደማ ለሚላን ገዥ ባዘጋጀው ማመልከቻ፥ ገዥውን ጦርነት ያሳስበው ስለ ነበረ፥ ድልድይና መድፍ መሥራቱን አስቀደመ፤ የሥዕል ሙያውን ወደ መጨረሻው ጠቀሰ።

እኛም የሥራውን ስም፥ ሙያችንንና የምንሰጠውን ጥቅም በሁለት መስመር እንጻፍ፤ ይኸውም፦ «ዓላማዬ በዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊነት ተቀጥሬ፥ በትምህርት ቤቴ ቤተ መጻሕፍት በለመድሁት የመዝገብ አያያዝ ንብረቱን በትክክል መጠበቅ ነው።»

የማንችለውን ግን አንጻፍ፤ ሥራው ራሱ ይገልጠዋልና።