ፍላጻን ስለ መምረጥና ስለ ማረቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ጥቂት ቃል ለማሰማት የመረጥሁት ርእስ የእንጨት ፍላጻ ነው። ምናልባት አንዳንዶቻችሁ «ጥይት በበዛበት ዘመን ፍላጻ ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ቀስት ዛሬ በብዙ አገር የስፖርት መሣሪያ ነው፤ ፍላጻን ከእንጨት መሥራትም ዓይንና እጅ አብረው የሚማሩበት ሙያ ነው። ከዚህም በላይ ይህ ሙያ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም ከጠመመው እንጨት የትኛው ይቃናል፣ የትኛውስ ይጣላል የሚለው ነው። በዚህ ፍርድ የሚሳሳት ሰው ዋጋውን የሚከፍለው በገዛ እጁ ነው።

በመጀመሪያ የሙያውን ዕድሜ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1991 በኢጣልያና በኦስትሪያ ወሰን ላይ ባለው ተራራ፣ ከ5,000 ዓመት በፊት የሞተ ሰው አስከሬን ከበረዶ ውስጥ ተገኘ። ፍላጻ በሚይዝበት ኮሮጆው ውስጥ 14 እንጨቶች ነበሩት። ተሠርተው ያለቁት ግን 2 ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት 12ቱ ገና በሥራ ላይ ነበሩ። ይህ ሰው ራሱ በትከሻው ላይ በፍላጻ የተወጋ ነበር። ጥሩ ፍላጻ በችኮላ የሚገኝ ነገር አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምስክር አይገኝም።

እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1545 ሜሪ ሮዝ የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሰጠመች። በዘመናችን ከባሕር ውስጥ ከ3,000 በላይ ፍላጻ ወጣላት፤ አብዛኛውም ፖፕላር ከሚባል ቀላል እንጨት የተሠራ ነው። በዚያው ዓመት ሮጀር አስከም የተባለው መምህር ስለ ቀስት ባሳተመው መጽሐፍ ለጦር ፍላጻ አሽ የተባለውን ከበድ ያለ እንጨት መርጦ ነበር። መጽሐፉና መርከቢቱ አልተስማሙም ማለት ነው። ስለዚህ የዛፉን ስም ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱን እንጨት መመርመር ያስፈልጋል።

ለመምረጥ ሦስት ነገር ይታያል። አንደኛው በእንጨቱ ላይ የሚታዩት መስመሮች ናቸው። መስመሮቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ ርዝመቱን ተከትለው የሚሄዱ ከሆነ እንጨቱ ብርቱ ነው። ነገር ግን መስመሮቹ አግድም ወጥተው በጎኑ ላይ የሚቋረጡ ከሆነ፣ እንጨቱ ለዓይን ቀጥ ያለ ቢመስልም አይታመንም። አውታሩ በገፋው ጊዜ በዚያ ስፍራ ተሰንጥቆ፣ ስባሪው ቀስቱን የያዘውን እጅ ሊወጋ ይችላል። ጕጥ ያለበትም እንዲሁ ይጣላል።

ሁለተኛው ግትርነቱ ነው። አውታሩ በተለቀቀ ጊዜ ፍላጻው ከኋላው በድንገት ስለሚገፋ እንደ ዓሣ እየተላመጠ የቀስቱን ጎን ያልፋል። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ክላረንስ ሂክማን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በፈጣን የፊልም መሣሪያ አንሥቶ አሳየ። ስለዚህ ከቀስቱ ጉልበት ጋር ሲመዛዘን እጅግ ግትር የሆነው ፍላጻ ወደ አንድ ወገን፣ እጅግ ልምጥ የሆነው ወደ ሌላው ወገን ይስታል። ለመለካት እንጨቱን 66 ሴንቲሜትር በሚራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አጋድሞ፣ ከመካከሉ 900 ግራም ያህል ክብደት ማንጠልጠል ነው። 13 ሚሊሜትር ያህል ከጎበጠ፣ ለመሳብ 23 ኪሎ ያህል ጉልበት ለሚጠይቅ ቀስት ይስማማል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። ከባዱ ዝቅ ብሎ፣ ቀላሉ ከፍ ብሎ ስለሚመታ፣ አብረው የሚወረወሩት በሚዛን ተመዝነው የተቀራረቡ መሆን አለባቸው።

አሁን ወደ ማረቁ እንለፍ። እንጨት ሲሞቅ በውስጡ እንደ ሙጫ የሚያያይዘው ነገር ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝም ተመልሶ ይጠነክራል። የያሂ ሕዝብ የመጨረሻ ሰው የነበረው ኢሺ፣ እ.ኤ.አ. ከ1911 እስከ ሞተበት እስከ 1916 በካሊፎርኒያ ሳለ፣ ሐኪሙ ሳክስተን ፖፕ አሠራሩን ተመልክቶ ጽፎታል። ኢሺ ቀጫጭኑን እንጨት ቆርጦ ይልጠዋል፤ በአንድነት አስሮ በጥላ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ በፍም ላይ እያሞቀ በእጁ ያቃናዋል።

እኛም ይህንኑ ሥርዓት ብንከተል እናገኘዋለን። እንጨቱን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ በአንድ ዓይን እያዩ የጎበጠውን ስፍራ መለየት፤ ያንን ስፍራ ብቻ ከፍም በላይ እያገላበጡ ማሞቅ፤ ከቀጥታው ጥቂት አሳልፎ መለመጥ፤ እስኪቀዘቅዝም ይዞ መቆየት ነው። ነበልባል አይነካውም፤ የጠቆረ እንጨት ቀጥ ቢልም ይሰባበራልና። ከዚያም በጠረጴዛ ላይ አንከባልሎ ማየት ነው፤ የሚዘልል ከሆነ ገና አልታረቀም። እርጥበት ጉብጠቱን ስለሚመልሰው በዘይት ወይም በቫርኒሽ ይቀባል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ እንደገና ይታያል።

ከመወርወር በፊት ሁልጊዜ ፍላጻውን በእጅ ለመጥ አድርጎ መስማት ይገባል። ሲጥ የሚል ድምፅ ካለው፣ ሌላ ሰው ሳያውቅ እንዳያነሣው ለሁለት ሰብሮ መጣል ነው። ይህ ማባከን አይደለም፤ ለባልንጀራ እጅ ማሰብ ነው።

ክቡራን ሆይ፤ በቋንቋችን ጠማማ እንጨትን ማቅናት ማረቅ ይባላል፤ የተጣሉትንም ማስማማት ማስታረቅ ነው። ሁለቱ ቃላት የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም መጠነኛ ሙቀትና ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋሉ። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን በእኛ ላይ የሚያሳዩትም ትዕግሥት ይኸው ነው። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። የተሰበረው እንጨት ቢጣል ሌላ ይቆረጣል፤ የተጣለን ተማሪ ግን ሌላ አይተካውም። ስለዚህ ፍላጻ ሠሪ መርጦ ይጥላል፤ ትምህርት ቤት ግን ሁሉን ያርቃል።