ስለ ልጆቻችን የቅዳሜ ፈትል
(በጠቅላላ ስብሰባው ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር)



አዲስ አበባ ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተውን አንድነት ፓርክ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የየክልሉ ባህል ለጎብኚ ተዘጋጅቶ፣ በክፍያ ይታያል። እኛ ዘንድ ግን ባህሉን ለብሰነው እናድራለን። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው በዚህ ብርድ፣ ባናና ዝተት ባይኖር አያቶቻችን እንዴት ያነጉ ነበር?

ታዲያ አምና በማኅበሩ ግቢ ልጆች ሰብስበን እንዝርት ብንሰጣቸው፣ ማሾር የቻሉት ሁለት ብቻ ሆኑ። አልሳቅሁም፤ የእኔም እጅ ከነሱ አይሻልም። አንዲት እናታችን ጠጉሩን በደጋን ነድፈው፣ ክሩ ሳይበጠስ ጣት እንዴት እንደሚለቅ ቢያሳዩዋቸው ልጆቹ ምሳቸውን ረስተው ዋሉ። ጥቁሩን ከነጩ እየለዩ፣ ቀለም ሳይነከር ከበጉ እንዳለ እንደሚፈተል ሲያውቁ ገረማቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ግን አንድ አባት መጥተው «ልጄን ሸማኔ ልታደርጉብኝ ነው ወይ?» ብለው ልጁን እጁን ይዘው ወሰዱት። ስማቸውን አልጠራም። ሌሎችም በልባቸው እንዲያ የሚሉ አሉ፣ እናውቃለን። እኔ የተማርኩት ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ሌሊት በሸማኔው ባና ተጠቅልለን አድረን፣ ጧት ስሙን ለስድብ ማድረጋችን ነውር ነው እላለሁ።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እንቀጥላለን። በግ የሸለተ ሰው ጥቂት ጠጉር አጥቦ ይላክልን። እንዝርት ያለን 7 ነው፣ ልጆቹ 20 ናቸው፤ በየቤቱ ቆጥ ላይ የተረሳ ካለ አውርዱልን። የዚያ ልጅ እንዝርት፣ ጅምር ክሩ እንደተጠመጠመበት፣ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል።