ያልታረሰው መደብ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ዛሬ እንድንናገር የተጠየቅነው እዚህ አሰላ በእማማ ጓሮ ስለሚታየው ገለባ የለበሰ መደብ ነው። «ተማሪዎቹ መቆፈር ሰንፈው በገለባ ሸፈኑት» መባሉን ሰምተናል። ፍርዱን ከመቀበላችን በፊት ነገሩን ልናስረዳ እንወዳለን።

በአርሲ ደጋ ጎበዝ ገበሬ የሚባለው ደጋግሞ አርሶ ማሳውን ያላመ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። ማረሻችን አፈሩን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይገለብጥም፤ በትልምና በትልም መካከል ያልተነካ አፈር ስለሚቀር ገበሬው አግድም መድገም ግድ ይሆንበታል። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ እርሻ ተዳፋቱን ተከትሎ መውረዱ አይቀርምና፣ የክረምቱ ጎርፍ በዚያው ትልም አፈሩን ይዞ ይሄዳል።

ሌላም ታሪክ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው ካዱ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለጭላሎ አውራጃ አመጣ፤ በዚያው ዘመን ባለርስቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኛ አስለቀቁ። እንግዲህ ያላረሰ ሰው መሬቱን ያጣል ብለው ሽማግሌዎች ቢሠጉ አንፈርድባቸውም።

እኛ ያደረግነው ይህ ነው። ሣሩን አጭደን እዚያው ተውነው፣ ፍግ አለበስነው፣ በበልጉ ድንች አኑረን የገብስ ገለባ ደረብንበት። የጃፓኑ ፉኩኦካም ሳያርስ እየዘራ ገለባውን ለማሳው ይመልስ ነበር። ድንቹን ስናወጣ ዶማ አላስፈለገንም፤ ገለባውን ገለጥ አድርገን ለቀምነው። ጥቅል ጎመኑን ግን ከገለባው ሥር የተጠለለ አይጥ ጨረሰው።

አንድ ጎረቤት «የላሜን ራት ለመሬት አበላችሁት» አሉን። ለዚህ መልስ አጣን። ዘንድሮ ከገለባ ይልቅ ፍሬ ሳይዝ የታረመ አረም ለማልበስ አስበናል።

ከሁሉ የከበደን የእማማ ነገር ነው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸውም ርቀዋል። መንገደኛው «የሚቆፍርላት ሰው አጣች» ሲል እንደሚያፍሩ የነገሩን በስተኋላ ነው። እኛ ትምህርት ሲያልቅ እንሄዳለን፤ ወሬው ግን እርሳቸው ደጅ ይቀራል። አስቀድመን አለመጠየቃችን ጥፋታችን ነው።

ስለዚህ ከመንገድ የሚታየው ግማሹ እንዲቆፈር፣ ከቤቱ ጀርባ ያለው እንዳለ እንዲቆይ ከእርሳቸው ጋር ተስማምተናል። የምንቆፍረው ቅዳሜ ጧት ነው፤ ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።