ሊፈታ የሚችል ዕቃ
የተዘነጉ የድሮ ብስክሌት ክፍሎች ለመሐንዲስ ስላላቸው ትምህርት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በእንዲህ ያለው ጉባኤ ላይ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ኃይል ማመንጫ መነጋገር የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን በሁለት ጣት መካከል የሚያዝ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ኪስ የሚገባ ነገር ነው፤ ይኸውም የድሮ ብስክሌት ዕቃ ነው። ሉሉ፣ ሽብልቁ፣ ካቴናውና ፔዳሉ ዋጋቸው ዝቅተኛ፣ መልካቸውም የማይማርክ ስለሆነ ከእኛ ከመሐንዲሶች ዓይን ርቀዋል። ሆኖም ብስክሌቶቹ ከፋብሪካ ከወጡ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ እነዚህ ዕቃዎች ዛሬም ይፈለጋሉ፤ ይሸጣሉ፤ ይለወጣሉ። ይህ ተፈላጊነት ከምን የመጣ ነው? ጥያቄው ስለ ብስክሌት ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር እስከ ንግግሬ መጨረሻ ድረስ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ነገሩን በሚታወቅ ቦታ ላይ ለማስቀመጥ ያህል ደራን ልውሰድ። ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ በመልካሳ አዋሽን ተሻግሮ ደራ የሚደርሰው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው አገር በአብዛኛው ሜዳ ሲሆን፣ ከደራ ወዲያ ወደ ኢተያና ወደ አሰላ ዳገቱ ይጀምራል። ወንጂን ከነሸንኮራ ማሳው፣ መቂንና ባቱን ጨምሮ የስምጥ ሸለቆው ወለል በተፈጥሮው ለብስክሌት የተመቸ ነው። በነዚህ ከተሞች ብስክሌት ሠራተኛውን ወደ ሥራው፣ ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤቱ ሲያደርስ ኖሯል፤ ጀሪካንና የሽንኩርት ጆንያም ተሸክሟል። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ቦታው ቢጠብበትም ጨርሶ አልጠፋም። በአንጻሩ ይኸው አገር ለማሽን ጠላት የሚሆኑ ሁለት ነገሮች አሉት፤ አንደኛው እንደ ዱቄት የላመው አቧራ፣ ሁለተኛው የግራር እሾህ ነው። ስለዚህ በመንገድ ዳር በሸራ ጥላ ሥር የሚቀመጠው የብስክሌት ጠጋኝ ሥራ አያጣም።

ከዚህ ጠጋኝ አጠገብ ያለውን የቆርቆሮ ሣጥን የተመለከተ ሰው፣ ከልዩ ልዩ አገርና ከልዩ ልዩ ዘመን የመጡ ዕቃዎች ተደባልቀው ያገኛል። ስማቸውም የታሪካችንን አንድ ገጽ ያሳያል፤ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ኩሽኔታና ዳዶ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ብስክሌትም ለአገራችን እንግዳ አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞችን ማሰለፏ ለዚህ ምስክር ነው።

በውጭው ዓለም የድሮ ብስክሌት ዕቃ የሚፈልጉ ሰዎች ሌላ ዓይነት ናቸው። በጣልያን አገር፣ በቶስካና፣ በጋዮሌ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 «ኤሮይካ» የተባለ የብስክሌት ጉዞ ተጀምሯል፤ በዚህ ጉዞ የሚካፈል ሰው እስከ 1987 ድረስ የተሠራ የውድድር ብስክሌት ይዞ እንዲቀርብ ይጠየቃል። በዚህም ምክንያት የታወቁ ፋብሪካዎች የውድድር ማርሽና ፍሬን እንደ ጌጥ ይፈለጋል። እኔ የማወራላቸው ዕቃዎች ግን ከዚያ ገበያ ውጪ ናቸው። በሰብሳቢ ሣጥን ውስጥ አይቀመጡም፤ የሚኖሩት በሥራ ላይ ነው። በመሆኑም ፍቅሩን ከትዝታ ሳይሆን ከአሠራራቸው ውስጥ መፈለግ ይገባናል።

በመጀመሪያ የጎማውን እምብርት እንመልከት። በተለመደው የድሮ ብስክሌት የኋላ እምብርት ውስጥ 18 የብረት ሉሎች አሉ፤ የእያንዳንዱ ዲያሜትር ሩብ ኢንች፣ ማለት 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። በፊተኛው ደግሞ 4.76 ሚሊ ሜትር የሆኑ 20 ሉሎች ይገባሉ። ሉሎቹ በጽዋና በሾጣጣ ብረት መካከል ይሽከረከራሉ። ሾጣጣው በዘንጉ ላይ በብሎን ጥርስ ስለሚሄድ፣ መወዛወዙ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቅ ይደረግና በዳዶ ይታሰራል። አቧራ በገባ ጊዜ ሁሉም ይፈታል፤ በነጭ ጋዝ ይታጠባል፤ ግራሶ ይቀባል፤ ይገጠማል። ለዚህ ሥራ ሁለት ቀጫጭን መፍቻዎች ይበቃሉ። ሉል ቢሰበር ሉል፣ ሾጣጣ ቢበላ ሾጣጣ ይለወጣል እንጂ ጎማው በሙሉ አይጣልም።

ሁለተኛው ሽብልቁ ነው። የፔዳሉን ክንድ ከመካከለኛው ዘንግ ጋር የሚያስረው ይህ ትንሽ ብረት በአንድ ጎኑ ዘቅዘቅ ብሎ የተሞረደ ሲሆን፣ ተመትቶ ይገባና በዳዶ ይጠበቃል። ብዙ ሰው ይጠላዋል፤ ምክንያቱም ይላላል። ነገር ግን ከዘንጉና ከክንዱ ይልቅ ለስላሳ ሆኖ መሠራቱ ጥበብ ያለበት ነው። የሚበላው እርሱ ስለሆነ ውዱን ዘንግ ያድናል። በጠፋም ጊዜ ጠጋኙ ወፈር ያለ ብሎን በሞረድ አስተካክሎ ይተካዋል። ብስክሌቱ ሞተብኝ ብለው የመጡትን አዛውንት፣ «አባባ፣ ደህና ነው፤ ያረጀው ሽብልቁ ብቻ ነው፤ ትንሽ ይጠብቁኝ» ብሎ ማጽናናት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው የግራው ፔዳል ነው። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲጠብቅ፣ የግራው በተቃራኒው ወደ ግራ ይጠብቃል። ክብደት የተሸከመ ዘንግ በቀዳዳው ውስጥ በጥቂቱ እየተንከባለለ ብሎኑን ቀስ በቀስ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞረዋል፤ በሁለቱ ጎኖች ይህ አቅጣጫ ስለሚለያይ የብሎኑም ጥርስ መለያየት አለበት። ደራ ያለ ወጣት ጠጋኝ ይህን በእጁ ያውቀዋል፤ በሜካኒክስ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ስሙን ባይሰማም ፔዳሉን በስሕተት አጥብቆ ክንዱን አያበላሽም።

አራተኛው የመጠን ስምምነት ነው። ሃንስ ሬኖልድ እ.ኤ.አ. በ1880 በማንቸስተር ካወጣው ሰንሰለት የተወለደው የብስክሌት ካቴና፣ ከአንዱ መጋጠሚያ እስከ ሌላው ግማሽ ኢንች፣ ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ሆኖ በዓለም ሁሉ ጸንቷል። በእንግሊዝ ኖቲንግሃም የተሠራው ራሌይ፣ በቻይና ቲያንጂን የተሠራው ፍላይንግ ፒጅን፣ በሻንጋይ የተሠራው ፊኒክስ፣ በሕንድ ሉዲያና የተሠራው ሂሮ፣ ከባዱ የመንገድ ዓይነታቸው 28 በ1½ ኢንች የሚባለውን ጎማ የሚጠቀም ሲሆን፣ ጎማው የሚያርፍበት የቸርኬው ዲያሜትር 635 ሚሊ ሜትር ነው። በመንግሥት አስተዳደርና በንግድ የማይስማሙ አገሮች በዚህ ቁጥር ተስማምተዋል። ደራ ላይ ያለ ሰው የአንዱን ብስክሌት ጎማ ለሌላው የሚያውሰው በዚህ ስምምነት ነው።

እንግዲህ ከነዚህ ምሳሌዎች ሦስት ባሕርያት ይወጣሉ። አንደኛ፣ ዕቃው በቀላል መሣሪያ ሊፈታ ይችላል። ሁለተኛ፣ የሚያልቀው ርካሹ ክፍል ነው። ሦስተኛ፣ መጠኑ የጋራ ነው። የነዚህ ዕቃዎች ተወዳጅነት ሳይከስም የኖረው በሦስቱ ባሕርያት ነው እንጂ በእርጅናቸው አይደለም።

ይሁን እንጂ ያረጀ ሁሉ መልካም ነው ወደሚል ስብከት እንዳልገባ መጠንቀቅ አለብኝ። በዘንግ የሚሳበው የድሮ ፍሬን፣ ቸርኬው በዝናብ በረጠበ ጊዜ አይይዝም። የብረቱ ቸርኬ ይዝጋል። በጀርመን አገር በሽቫይንፉርት ከተማ የፊሽቴልና ዛክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1903 «ቶርፔዶ» ብሎ ያወጣው፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራው ፍሬን ደግሞ በእምብርቱ ውስጥ ተዘግቶ ስለሚቀመጥ አቧራና ዝናብ አይደርስበትም፤ የሚበጠስ ሽቦም የለውም። ለሜዳ ከተማ እጅግ ተስማሚ ነው። ነገር ግን ከአሰላ ወደ ደራ የሚወርድ ሰው የሚያጋጥመውን እናስላ። የከፍታው ልዩነት ከ700 ሜትር አያንስም። ሰውና ብስክሌት በአንድነት 80 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በቁልቁለቱ የሚለቀቀው ጉልበት ወደ 550 ኪሎ ጁል ይደርሳል። ይህም ሁለት ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 85 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው። ከፊሉን ነፋስና መንገድ ቢወስዱትም የቀረው በአንዲት ትንሽ እምብርት ውስጥ ግራሶ ያቃጥላል። ስለዚህ ያው ዕቃ ለአዳማ ሜዳ ጥሩ፣ ለአሰላ ቁልቁለት አደገኛ ነው። ዕቃን ከቦታው ለይቶ መልካም ወይም መጥፎ ማለት የመሐንዲስ ወግ አይደለም።

የተደፈነ ኩሽኔታም በራሱ ጠላታችን አይደለም። አቧራን ከድሮው ይበልጥ ይከላከላል። መጠኑ የታወቀ ከሆነ፣ ለምሳሌ 6001 የሚባለው፣ የውስጡ 12፣ የውጭው 28፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነው ዓይነት፣ በአንድ ፋብሪካ ላይ ሳንወሰን ተክቶ ለመገጠም ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው አምራቹ ለራሱ ብቻ በሚያውቀው መጠን ሲሠራው ወይም እንዳይወጣ አድርጎ ሲያጣብቀው ነው። ያን ጊዜ በጥቂት ብር የሚገኝ ክፍል አልቆ ሙሉው ዕቃ ይሞታል፤ ዕጣውም በቆራሌው ሚዛን ላይ መውጣት ይሆናል። ባለቤቱ ግን ያጣው ብረት አይደለም። የቀን ሥራውን፣ የልጁን የትምህርት ቤት መንገድ፣ የሽንኩርቱን ገበያ ነው ያጣው።

ይህ አስተሳሰብ ከብስክሌት ውጪ መሥራቱን የሚያሳይ ምሳሌ በየገጠራችን አለ። አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ የውኃ ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት የተነደፈው በመንደሩ ሰዎች እጅ እንዲጠገን ታስቦ ነው። ዘንጉና ቫልቮቹ የውኃውን ቧንቧ ከጉድጓድ ማውጣት ሳያስፈልግ ይወጣሉ፤ ለዚህም ጥቂት መሣሪያ ይበቃል፤ ቶሎ የሚያልቁት ክፍሎችም ርካሽ የፕላስቲክና የጎማ ዕቃዎች ናቸው። ንድፉን ያወጡት መሐንዲሶች ከተማ ተቀምጦ የሚጠበቀውን ባለሙያ ሳይሆን መንደሩ ውስጥ ያለውን እጅ አስበው ነበር። እኛ በየመሥሪያ ቤታችን ፓምፕ፣ ወፍጮና ሞተር ስንመርጥ ይህን ያህል እናስባለንን? ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ስለ ጉልበቱና ስለ ዋጋው ነው፤ ማን እንደሚፈታው ግን አንጠይቅም።

ጥያቄው ዛሬ ይበልጥ አስቸኳይ ነው። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪዎች ወደ ከተሞቻችን እየገቡ ነው። እነዚህ ጭስ የሌላቸው ተሽከርካሪዎች መልካም ተስፋ ናቸው፤ ባትሪያቸውና መቆጣጠሪያቸው ግን ብዙውን ጊዜ ተዘግቶ ተጣብቆ የሚመጣ ነው። በውስጡ ካሉት አያሌ የባትሪ ሕዋሶች ጥቂቶቹ ሲደክሙ ሁሉም ይጣላል ወይስ የደከሙት ተለይተው ይለወጣሉ? በእርግጥ ባትሪ እንደ ሉል በነጭ ጋዝ የሚታጠብ ነገር አይደለም፤ የእሳት አደጋ ስላለው በተማረ እጅ መከፈት አለበት። ነገር ግን በተማረ እጅ እንኳ እንዳይከፈት ተደርጎ የተሠራ ዕቃ ለደራና ለመቂ የተሠራ አይደለም። ይህን አስቀድሞ መናገር የኛ ሥራ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በምንጽፋቸው የግዢ መግለጫዎች ውስጥ ዕቃው በምን መሣሪያ እንደሚፈታ፣ ቶሎ የሚያልቀው ክፍል የትኛው እንደሆነና መጠኑ የታወቀ መሆኑን የሚጠይቅ አንቀጽ እንዲገባ። ሁለተኛ፣ በአገራችን በብዛት የሚሠራባቸው የብስክሌትና የትናንሽ ማሽኖች ዕቃዎች መጠን ተለክቶ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ታትሞ ለጠጋኞችና ለሙያ ማሠልጠኛዎች እንዲደርስ። ሦስተኛ፣ ወጣት መሐንዲሶች ከዲዛይን ጠረጴዛ በፊት ጥቂት ቀን በእንዲህ ያለ መንገድ ዳር እንዲቀመጡ፤ ይኸውም ለማስተማር ሳይሆን ምን እንደሚሰበርና ምን እንደሚተርፍ ለማየት ነው።

የማሽን ዕድሜ የሚለካው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን አይደለም። የሚለካው ለመጀመሪያ ጊዜ በተበላሸበት ቀን፣ በአቅራቢያው ባለው ሰው እጅ ላይ ነው። የድሮው ብስክሌት ሠሪዎች ያን ሰው ሳያዩት አስበውለታል። እኛ ደግሞ ስሙን እናውቃለን፤ በየቀኑ በፊቱ እናልፋለን። የምንመርጠውንና የምንነድፈውን ዕቃ እርሱ ሊፈታው እንዲችል ማድረግ ከኛ የሚጠበቅ ትንሹ ግዴታ ነው።