ያ አረንጓዴ መብራትና የእኛ የቁጠባ ደብተር

(ነቀምቴ በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት አባል ያቀረቡት ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ አንድ የታወቀ ልብ ወለድ እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምንሰጥበትን ጉዳይ የሚነካ እንዲሆን አደራ ብለውኛል። ጉዳዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከብድር ገንዘባችን ላይ ልጆቻችንን ወደ ውጭ አገር ለመላክ ማበደር ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ነው። በየቡድኑ ክርክሩ ጠንክሯል፤ የተኳረፉም አሉ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ መምህርት ስለሆንኩ በማውቀው በመጽሐፍ በኩል ልምጣ።

መጽሐፉ «ታላቁ ጌትስቢ» ይባላል። ስኮት ፊትዝጄራልድ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1925 ያሳተመው ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ጄምስ ጋትዝ የሚባል የድሃ ገበሬ ልጅ ነበር። ገና በ17 ዓመቱ የወላጆቹን ስም ጥሎ ራሱን ጄ ጌትስቢ ብሎ ሰየመ። ወታደር ሳለ ዴዚ የምትባል የባለጸጋ ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። እሱ ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ ሲቆይባት ግን ቶም የሚባል ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰ ሀብታም አገባች። ጌትስቢ ከዚያ በኋላ ለአንድ ነገር ብቻ ኖረ፤ ሀብታም ሆኖ ዴዚን ለመመለስ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ መጠጥ መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። እሱም በድብቅ መጠጥ ንግድና በሌላም ጨለማ ሥራ ከበረ። ከዴዚ ቤት ፊት ለፊት፣ ከውኃው ማዶ፣ ቤተ መንግሥት የሚያክል ቤት ገዛ። ማታ ማታ በእሷ በኩል ያለውን የጀልባ ማቆሚያ አረንጓዴ መብራት ቆሞ ያያል። በየሳምንቱ ድግስ ይደግሳል፤ ሰው ሳይጠራ ይመጣል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጠዋት ይበተናል።

መጨረሻው ክፉ ነው። ዴዚ የጌትስቢን መኪና እየነዳች ሜርትል የምትባል ሴት ገጭታ ገደለች። ሜርትል የአንድ ድሃ ጋራዥ ባለቤት ሚስት ነበረች፤ የቶምም ውሽማ ነበረች። ጌትስቢ ጥፋቱን በራሱ ላይ ወሰደ። የሟቿ ባል ገዳዩ እሱ መስሎት በጥይት ገደለው፤ ራሱንም ገደለ። ቶምና ዴዚ ሻንጣቸውን ሸክፈው ከከተማው ሄዱ። ቆጥራችሁ ተመልከቱ፤ ከሞቱት ሦስቱ አንዱ እንኳ ሀብታም ሆኖ የተወለደ አልነበረም።

እናንተን ከዚህ ሁሉ የሚነካችሁ ቀብሩ ይመስለኛል። በድግሱ ላይ መቶዎች የሚቆጠሩበት ሰው ሲቀበር ለመቆም የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አባቱ፣ አንድ ጎረቤቱ፣ ጥቂት አገልጋዮች፣ ከእንግዶቹ ደግሞ አንድ ብቻ። በቤቱ ለረጅም ጊዜ ያለ ኪራይ የተቀመጠ አንድ ሰው ስልክ ደውሎ ነበር፤ የደወለው ግን ረስቶት የሄደው የስፖርት ጫማ እንዲላክለት ነው። ይህን ለፈረንጅ ተማሪ ማስረዳት ብዙ ቃል ይፈልግ ይሆናል። ለእኛ አንድ ቃል ይበቃል፤ ሰውዬው እድር አልነበረውም።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ። ለቀብር የመጣው አባት አንድ አሮጌ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1906፣ በመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ላይ የቀን ውሎውን ጽፎበታል። ስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚያጠና፣ መቼ እንደሚሠራ፣ በየሳምንቱ አንድ ጠቃሚ መጽሐፍ እንደሚያነብ፣ ለወላጆቹ የተሻለ ልጅ እንደሚሆን። ከዚያም በየሳምንቱ የሚቆጥበውን ጻፈ። መጀመሪያ 5 ዶላር ብሎ ነበር፤ ሰረዘውና 3 አደረገው።

እህቶቼ፣ ይህችን ስርዝ የማያውቃት ከመካከላችን ማን አለ? የየቡድናችን ጸሐፊ ደብተሩን ብትገልጥ ስንት እንዲህ ያለ መስመር ታገኛለች! ሃምሳ እቆጥባለሁ ብላ ጀምራ፣ ልጅ ታመመባት ወይም አንጮቴው በገበያ ረከሰባትና ሠላሳ ያደረገች። ያ ልጅ በዚያ ገጽ ላይ ከእኛ አንዱ ነበር። ድሃ ነው፣ ራእይ አለው፣ አቅሙን ያውቃል፣ አቅሙ ባነሰ ጊዜ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ደብተሩን አይዘጋም። በኋላ ሀብቱ ሲመጣ ግን ያ ደብተር ከእሱ ጋር አልሄደም፤ ከአባቱ ቤት ቀረ።

«የአሜሪካ ሕልም» የሚለውን አባባል በዓለም ያስታወቀው ጄምስ ትረስሎው አዳምስ የሚባል የታሪክ ጸሐፊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጣው መጽሐፉ። ሰውዬው ሕልሙ መኪናና ከፍ ያለ ደመወዝ ብቻ እንዳልሆነ፣ ማንም ሰው ከማንም ይወለድ እስከሚችለው ድረስ የሚደርስበት ሥርዓት እንደሆነ ጽፏል። ሕልሙ ሁለት ነገር ይዟል ማለት ነው፤ ራእይና ሀብት። የጌትስቢ ጥፋት ሁለተኛው አንደኛውን ሲበላው ዝም ብሎ ማየቱ ነው።

ይህ የሩቅ አገር ነገር እንዳይመስለን። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበች በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምታዋለች። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በዛብህ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው፤ ሀብቱ ትምህርቱ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ግን ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ዘር አጣሁ እያሉ ልጃቸውን ያለ ትዳር አስቀሯት። ጌትስቢ ገንዘብ ይዞ ሄዶ በዘር በር ላይ ቆመ፤ በዛብህ እውቀት ይዞ ሄዶ እዚያው በር ላይ ቆመ። ልዩነታቸው ከበሩ ማዶ ባለችው ሴት ነው። ዴዚ ሀብቷ ውስጥ ተመልሳ ተደበቀች። ሰብለ ግን የአባቷን ቤት ጥላ፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ በእግሯ ፍለጋ ወጣች። እኛ ሴቶች ስናነብ ይህን ማየት ይገባናል።

ሦስተኛው መጽሐፍ ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ በሁለት ዓመቱ አሜሪካ የገባ ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ባለ ሱቅ ይናገራል። ሴፋ ይባላል። አባቱ በቀይ ሽብር ጊዜ ተወስደውበት ከአገር ሸሸ። ከ17 ዓመት በኋላ በዋሽንግተን ከተማ፣ ሎጋን ሰርክል በሚባል ሠፈር፣ ገበያ የማይበረታባት ትንሽ ሱቅ ይዞ ተቀምጧል። ጓደኞቹ አንዱ ከኬንያ፣ አንዱ ከኮንጎ ናቸው፤ ማታ ማታ ተሰብስበው የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥታት እየቆጠሩ ይጫወታሉ። ሠፈሩ ውስጥ ሀብታሞች መግባት ሲጀምሩ የቤት ኪራይ ይንራል፣ የቆዩት ድሆች ይባረራሉ። ሴፋ አላማረረም፣ አልከበረምም፤ ልቡ ግን ከሁለቱ አገር በአንዱም አላረፈም። አሜሪካ የደረሰ ሁሉ ደረሰ እንዳይመስለን የሚያስተምር መጽሐፍ ነው።

እናንተም የሴፋን ዘመዶች ታውቃላችሁ። የዲቪ ዕጣ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የተጀመረ ሲሆን፣ ሕጉ በዓመት እስከ 55 ሺህ ቪዛ ይፈቅዳል። እዚህ በየከተማችን ግን በእሱ ዙሪያ ሌላ ንግድ ቆመ፤ ቅጽ በማስሞላት የሚከብር አለ፣ ዕጣ ከወጣለት ሰው ጋር በገንዘብ ጋብቻ የሚያገናኝ ደላላ አለ። ዕጣ ያልወጣላት ደግሞ ዓይኗን ወደ ዓረብ አገር ታዞራለች። መብራቱ ቀለሙ ይለያያል እንጂ ያው መብራት ነው።

መሄድ ነውር ነው የሚል ንግግር አላደርግም። ከመካከላችን ቤቷ በቆርቆሮ የተከደነው፣ ልጇ የተማረላት፣ ከውጭ በተላከ ገንዘብ የሆነላት አለች። ያንን ላብ የሚንቅ ሰው ካለ እሱ ራሱ አልደከመም። ነገር ግን ብድር የምንሰጠው ከጋራ ገንዘብ ነው። አንጮቴና ቡና ሸጣ፣ ሽሮ አስፈጭታ ያጠራቀመች ሴት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ከእነዚህ መጻሕፍት የወሰድኳቸውን ሦስት ጥያቄዎች ለእያንዳንዷ ተበዳሪ እንድንጠይቅ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሕልሙ የማን ነው? ልጅቱ ራሷ ቡድኑ ፊት ቀርባ ትናገር። እናት ተበድራ፣ አጎት ወስኖ፣ ደላላ አስማምቶ፣ ልጅቱ ዝም ብላ የምትሄድበት ጉዞ የእሷ ሕልም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ለማን ይገባል? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት ዐዋጅ ቁጥር 923 የቪዛንና የአውሮፕላን ቲኬትን ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሎታል። ፓስፖርትና የጤና ምርመራን የመሰለው የሠራተኛዋ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ለቲኬት ብላችሁ ይህን ያህል ሺህ አምጡ ካለ፣ የሚጠይቀው ለራሱ ኪስ ነው። ለሕጋዊው ወጪ የሚበቃ ብድር ትንሽ ነው፤ ለደላላ የሚበቃው ግን ቡድን ያፈርሳል።

ሦስተኛ፣ እዚያ ማን አላት? እዚህስ ከማን ጋር ትቀራለች? ስትሄድ ከቁጠባው አትውጣ። በስሟ ደብተር ይኑር፣ ከምትልከውም ጥቂቱ በራሷ ስም ይግባ፣ በየወሩም አንዲት አባል ትደውልላት። የጌትስቢ ደብተር ከአባቱ ቤት ቀርቶ ነበር፤ የእኛ ልጅ ደብተር አብሯት ይጓዝ።

ስለ ሕልም ስናወራ በዚህች በነቀምቴ የኖረችን አንዲት ሴት ሳልጠራ ብቀር ደግ አይሆንም። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ በባርነት ተይዛ ከሊሙ ተወሰደች። እ.ኤ.አ. በ1886 ባሕር ላይ ነጻ ወጥታ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። የአፋን ኦሮሞ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ የሕዝቡን ዘፈን፣ ተረትና እንቆቅልሽ ከቃል ሰብስባ ጻፈች፤ ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ብዙ ደከመች። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሳ እዚህ አስተማረች። ወደ ሩቅ የወሰዳት የሌላ ሰው ስግብግብነት ነበር፤ ወደዚህ ያመጣት ግን የራሷ ራእይ ነው። ሀብቷ ምን ነበር ብትሉ፣ የእናቶቻችን ቃል ነበር።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በመጽሐፉ ውስጥ ቶምና ዴዚ ክፉ ሰዎች ነበሩ ብዬ ለመናገር ያዳግተኛል። ግድየለሾች ነበሩ፤ የሰው ኑሮ ይነካሉ፣ ሲሰበር ወደ ገንዘባቸው ይመለሳሉ፣ ስብርባሪውን የሚጠርገው ሌላ ነው። ብዙ ፕሮጀክት በየከተማችን መጥቶ፣ ሰሌዳ ተክሎ፣ ዘመኑ ሲያልቅ ሰሌዳውን ትቶ ሄዷል። እናንተ እንዲህ ስላልሆናችሁ እናመሰግናለን። የምንለምናችሁም በዓመቱ መጨረሻ የምንልክላችሁን ሪፖርት ስታነቡ ከ5 ወደ 3 የተሰረዘውን ቁጥር እንደ ውድቀት እንዳታዩት ነው። ያ ቁጥር አንዲት ሴት ቸግሯትም ደብተሯን እንዳልዘጋች ይናገራል።

በዓለም የቡና ገበያ «ነቀምቴ» የቡና ዓይነት መጠሪያ ነው። እዚያ ማዶ ያሉት የከተማችንን ስም በከረጢት ላይ እያነበቡ ይገዛሉ። እኛ የእነሱን መብራት ስናይ፣ እነሱ የእኛን ቡና ያያሉ። በመካከል ያለውን ውኃ ልጆቻችን ይሻገሩት አይሻገሩት ከሰዓት በኋላ እንወስናለን። ስትወስኑ ያ ልጅ በአሮጌ መጽሐፍ ጀርባ የጻፈውን ዝርዝር አስታውሱልኝ። አምስት ብሎ ሦስት ያደረገውን ልጅ ዕድሜ ልኩን የሚያበድርና የሚቀጣ፣ ሲሞትም የሚቀብር ማኅበር ቢኖረው ኖሮ፣ ፊትዝጄራልድ የሚጽፈው ሌላ መጽሐፍ በሆነ ነበር።